በእንጦጦ ሸንተረር በእግርና በፈረስ ዞሮ መመለስ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከሽሮ ሜዳ በላይ የሚነሳው የእንጦጦ ተራራ፣ ማለዳ ከከተማ ወጥቶ ጫካና ገጠር አይቶ ለምሳ ቤት መድረስ የሚቻልበት ቦታ ነው። መንገዱ ግን የአንድ ሰው ብቻ አይደለም። እግረኛው፣ ፈረሰኛው፣ ሯጩ፣ ቤተ ክርስቲያን ሳሚው፣ ከአህያው ኋላ የሚነዳው ገበሬና የእንጨት ሸክም ያጎበጣቸው እናቶች ይጋሩታል። ከዚህ በታች ያሉት መልሶች ለሁሉም እንዲመች ሆኖ መሄድን የሚመለከቱ ናቸው። ሰፋ ያለውን ቦታ ለፈረሱ ሰጥተናል፤ ሕመሙን ተናግሮ ማስረዳት የማይችለው እሱ ነውና።

ዙሩ በየት በየት ያልፋል?

የተለመደው መነሻ ሽሮ ሜዳ ነው። ከዚያ ሽቅብ እስከ እንጦጦ ማርያም ይወጣል፤ ዳግማዊ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑበት ቤተ ክርስቲያን ነው፤ የቀድሞው ቤተ መንግሥትም እዚያው አጠገብ አለ። ከዚያ በኋላ ባሕር ዛፉን እያቋረጡ በሸንተረሩ ላይ ወደ ራጉኤል ይሄዱና በሌላ መንገድ ወደ ከተማ ይወርዳሉ። በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክም በዚሁ ተራራ ላይ ስለሆነ፣ የተጠረጉትን የፓርኩን መንገዶች ከዙሩ ጋር ማገናኘት ይቻላል።

ሸንተረሩ ላይ ሲደርሱ ወደ ሁለቱም አቅጣጫ ይመልከቱ። በደቡብ በኩል የሚወርደው ዝናብ በአቃቂ አድርጎ አዋሽ ይገባል፤ በሰሜን በኩል የሚወርደው ደግሞ በሱሉልታ ሜዳና በሙገር አድርጎ ወደ አባይ ይሄዳል። የገጠሩ ገጽታ በሰሜን በኩል ነው፤ በዳገቱ ፈረስ የሚያከራዩት ብዙዎቹም የዚያ አካባቢ ገበሬዎችና ልጆቻቸው ናቸው።

አቅጣጫ ሲመርጡ ቀጥ ያለውን የእግር መንገድ ለመውጫ፣ ጋደል ያለውን ሰፊ መንገድ ለመውረጃ ያድርጉት። ሰው የሚወድቀው አብዛኛውን ጊዜ ሲወርድ ነው። ጭኑ ደክሞ፣ የደረቀ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ቅርፊት ከእግሩ ሥር እየተንሸራተተ፣ ልቡ ደግሞ ቤቱ ደርሷል። ዳገቱ የሚከብዳቸው እስከ ማርያም በታክሲ ወጥተው ሸንተረሩን ብቻ ቢዞሩ ምንም አይቀርባቸውም።

ስንት ሰዓት ይፈጃል?

በሜዳ ላይ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር፣ ለእያንዳንዱ 600 ሜትር ሽቅብ ደግሞ ተጨማሪ 1 ሰዓት ይያዙ። በዚህ ከፍታ ላይ የተገኘውን ድምር አንድ ሦስተኛ ይጨምሩበት። ለምሳሌ 12 ኪሎ ሜትር ርዝመትና 500 ሜትር ዳገት ያለው ዙር በስሌቱ 3 ሰዓት ከሩብ ያህል ይመጣል፤ አንድ ሦስተኛው ሲታከልበት ከ4 ሰዓት ይበልጣል። ዕረፍትና ፎቶ ሲጨመር ግማሽ ቀን መሆኑ ነው።

ፈረስ በሜዳ ላይ በእርምጃ ከ5 እስከ 6 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይሄዳል፤ በዳገት ላይ ከሰው ብዙም አይፈጥንም። በፈረስ ከሆነ በግማሽ ሰዓት እንጨርሳለን ብለው ለሚነሱ ይህ መታወቅ አለበት፦ ሰዓቱን የሚያሳጥረው ግልቢያ ነው፤ ግልቢያ ደግሞ በዚህ መንገድ ላይ የለም።

ጠዋት ከ1 ሰዓት በፊት መነሳት ጥሩ ነው። ፀሐዩ አይከርም፤ በክረምትም ዝናቡ የሚበረታው ብዙ ጊዜ ከቀትር በኋላ ነው።

ጤነኛ ነኝ፤ ታዲያ ለምን ትንፋሽ ያጥረኛል?

የከተማዋ መካከል ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ የተራራው አናት ደግሞ ወደ 3,200 ሜትር ይጠጋል። 3,000 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው 70 በመቶ ያህል ብቻ በመሆኑ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ይቀንሳል። የአዲስ አበባ ነዋሪ በከፊል የለመደው ነው። ከዱባይ፣ ከቴል አቪቭ ወይም ከዋሽንግተን ለዕረፍት የመጣ ሰው ግን ከባሕር ጠረፍ ከፍታ ስለመጣ፣ በደረሰ ማግስት ተራራ ከመውጣት 2 ወይም 3 ቀን ከተማ ውስጥ ቢቆይ ይሻለዋል።

መለኪያው ቀላል ነው፤ እየተራመዱ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ካልቻሉ ፍጥነትዎ በዝቷል። ራስ ምታት ከማቅለሽለሽ ጋር ከመጣ፣ አረፍ ብሎ መቀጠል ሳይሆን መውረድ ነው መድኃኒቱ። በየ100 ሜትሩ ሽቅብ ሙቀቱ ከግማሽ ዲግሪ በላይ ስለሚቀንስና በሸንተረሩ ላይ ነፋስ ስላለ፣ ታች ሲነሱ የማያስፈልግ የመሰለዎት ሹራብ ላይ ይፈለጋል። ፀሐዩም ቢቀዘቅዝ ያቃጥላልና ኮፍያ አይርሱ።

የትኛው ወር ይመረጣል?

ከጥቅምት እስከ ጥር። መንገዱ ደርቋል፣ ሰማዩ ጠርቷል፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ማለዳ ግን እጅ የሚያደርቅ ብርድ አለው። ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም መጀመሪያ ቀዩ አፈር ጭቃ ይሆናል፤ በእግር ጎማው ጥርስ ባለው ጫማና በምርኩዝ ይቻላል፣ በፈረስ ግን በሰፊውና በጠጠሩ መንገድ ካልሆነ አይመከርም። ፈረስ በእርጥብ ቁልቁለት ላይ የኋላ እግሮቹ ከተንሸራተቱ ጋላቢውን ይዞ ነው የሚቀመጠው።

መብረቅ አይናቅ። ብልጭታውን አይተው ድምፁን እስኪሰሙ ይቁጠሩ፤ 30 ሳይሞላ ከተሰማ መብረቁ ከ10 ኪሎ ሜትር ባነሰ ርቀት ላይ ነውና ከሸንተረሩ ይውረዱ። ለብቻው ከቆመ ረጅም ባሕር ዛፍ ሥር መጠለል ከዝናቡ የባሰ አደጋ ነው። ፈረስ ላይ ከሆኑ ይውረዱ።

ፈረስ ከመከራየቴ በፊት ምን ልይ?

ዋጋ ከመነጋገርዎ በፊት ፈረሱን ይዩት። ከተነጋገሩ በኋላ እንቢ ማለት ለብዙዎቻችን ይከብዳልና።

መጀመሪያ ጀርባውን። ኮርቻውና ግላሱ (ከኮርቻው ጋር የሚለብሰው ጨርቅ) ተነሥቶ እንዲያሳዩዎት በትህትና ይጠይቁ። ገጣባ (ኮርቻ ወይም ጭነት የላጠው ቁስል) ካለ፣ ወይም ፀጉሩ ተመልጦ ቆዳው ያበጠበት ቦታ ካለ፣ ያ ፈረስ ዛሬ መጫን የለበትም። በጀርባው ላይ በክብ በክብ የበቀለ ነጭ ፀጉር የዳነ የገጣባ ጠባሳ ነው፤ ለዛሬ አይከለክልም፤ ኮርቻው ግን ልኩ እንዳልነበረ ይነግርዎታል። በጠፍሩ (ኮርቻውን በሆዱ ሥር በሚይዘው ማሰሪያ) መስመር፣ ከፊት እግሮቹ ኋላ ያለውን ቆዳና ልጓሙ የሚያርፍበትን የአፉን ጥግም ይመልከቱ።

ቀጥሎ እግሩን። ባለቤቱ ፈረሱን በእጁ ይዞ 20 እርምጃ ያህል ይውሰደውና በሶምሶማ ይመልሰው። የፊት እግሩን ያመመው ፈረስ የታመመው እግር መሬት ሲነካ ራሱን ወደ ላይ ይነቀንቃል። እየሄደ ራሱ ከፍ ዝቅ የሚልን ፈረስ «ዛሬ ገና ስላልሞቀ ነው» ቢሉዎትም አይቀበሉ። ሰኮናው የተሰነጠቀ ወይም ድንጋይ የተሰካበት መሆኑንም ማየት ነው።

የጎድን አጥንቱ ሲዳስሱት ሊገኝ ይገባል፤ ከሩቅ የሚቆጠር ከሆነ ግን ፈረሱ ከስቷል። በመጨረሻ ጠባዩን ያስተውሉ። ሰው ሲጠጋው ጆሮውን ወደ ኋላ አጥፎ የኋላ እግሩን የሚያነሳ ፈረስ ለጀማሪ አይሆንም። ባለቤቱ እርስዎ ሳይወጡ በፊት ራሱ ወጥቶ ጥቂት እርምጃ እንዲሄድ ይጠይቁት።

በአካባቢው ብዙዎቹ ባለ ፈረሶች አፋቸውን የፈቱት በኦሮምኛ ነው። «አካም ቡልተን» ብሎ ጠዋት ሰላምታ መስጠት ነገሩን ሁሉ ያቀልላል፤ ከዚያ በኋላ ስለ ፈረሱ የሚጠይቁት ጥያቄ እንደ ክስ አይሰማም።

ክብደቴ ለፈረሱ ይበዛ ይሆን?

ምናልባት አዎ። ይህን ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው፤ ከሁሉም ይልቅ ሊጠየቅ የሚገባው ግን እሱ ነው። ፈረስ ያለ ችግር የሚሸከመው ከራሱ ክብደት 20 በመቶ ያህል ነው፤ ኮርቻውም በዚያ ውስጥ ይቆጠራል። ወደ 25 በመቶ ሲጠጋ የልብ ምቱና የጡንቻው ሕመም ይጨምራል። የደጋ ፈረሶቻችን ደግሞ ጠንካሮች ቢሆኑም ትናንሾች ናቸው።

ክብደቱን በመለኪያ ሜትር ማወቅ ይቻላል። ከፊት እግሮቹ ኋላ ደረቱን ዙሪያውን ይለኩ፤ ከትከሻው ፊት እስከ መቀመጫው ጫፍ ድረስ ደግሞ ርዝመቱን፣ ሁለቱንም በሴንቲ ሜትር። የደረቱን ዙሪያ በራሱ ያባዙት፣ ውጤቱን በርዝመቱ ያባዙት፣ ከዚያ ለ11,880 ያካፍሉት፤ የሚገኘው በኪሎ የተገመተ ክብደቱ ነው። ደረቱ 145፣ ርዝመቱ 135 የሆነ ፈረስ ወደ 239 ኪሎ ይመዝናል። 20 በመቶው 48 ኪሎ፣ 25 በመቶው 60 ኪሎ ገደማ ነው። ኮርቻው 6 ኪሎ ቢሆን ለሰው የሚቀረው 42፣ ቢበዛ 54 ኪሎ ነው ማለት ነው።

ስለዚህ 70 ኪሎ የሚመዝን ጎልማሳ በእንዲህ ያለ ፈረስ ተራራ መውጣት የለበትም። ሦስት አማራጮች አሉ፦ ከቀረቡት ፈረሶች በደረቱ ሰፊና በአጥንቱ ወፍራም የሆነውን መምረጥ፤ በሸንተረሩ ሜዳማ ክፍል ብቻ ለአጭር ጊዜ በፈረስ መሄድና ዳገትና ቁልቁለቱን በእግር መሄድ፤ ወይም ፈረሱን ለልጆቹ ትቶ ሙሉውን በእግር መዞር። ሁለት ሰው በአንድ ፈረስ፣ ለፎቶም ቢሆን፣ አይሆንም።

ኮርቻውና እርካቡ ልክ መሆናቸውን በምን አውቃለሁ?

ጠፍሩ በሆዱና በማሰሪያው መካከል ሁለት ጣት ጠበቅ ብሎ ሊገባበት ይገባል። ፈረስ ሲታሰር ሆዱን ይነፋል፤ ስለዚህ አሥር ደቂቃ ከሄዱ በኋላ ቆም ብሎ እንደገና ማጥበቅ ግድ ነው። ኮርቻው ከነሰው ወደ ጎን የሚዞረው ይህ ስለሚረሳ ነው። የኮርቻው የፊት ቅስት ጫንቃውን መንካት የለበትም፤ ከተቀመጡ በኋላም በመካከላቸው ጣት ማለፍ አለበት።

የእርካብ ልክ፦ ጣቶችዎን እርካቡ ከኮርቻው የሚንጠለጠልበት ላይ አድርገው ክንድዎን ይዘርጉ፤ እርካቡ ብብትዎ ድረስ ከመጣ ይበቃል። እግርዎን እስከ ተረከዝ አያስገቡ፤ የፊቱ ሰፊው ክፍል ብቻ ይረፍበት። ለስላሳ ስኒከር ወደ ውስጥ ሾልኮ እግር ስለሚይዝ ትንሽ ተረከዝ ያለው ጫማ ይመረጣል። ከፈረስ ሲወድቁ እግር እርካብ ውስጥ መቅረቱ ከመውደቁ የከፋ ነውና። የራስ ቁር ያድርጉ፤ የፈረስ ካልተገኘ የብስክሌትም ከባዶ ራስ ይሻላል።

በዳገትና በቁልቁለት እንዴት ልቀመጥ?

ሽቅብ ሲሆን ጥቂት ወደ ፊት ያዘንብሉ፣ ጋማውን ይያዙ፣ ዛቡን (ከልጓሙ የሚመጣውን መያዣ) ያላሉለት፤ አንገቱን ዘርግቶ ሚዛኑን እንዲጠብቅ። ዛብ ጎትቶ ራስን ማቆም የፈረሱን አፍ ይቆርጣል። ቁልቁል ሲሆን ቀጥ ብለው ይቀመጡ፣ አያጣድፉት፣ በሰያፍ ሳይሆን ቀጥታ ያውርዱት። ቁልቁለቱ ለእርስዎ እግር የሚያስፈራ ከሆነ ግን ይውረዱና ከጎኑ ይሂዱ።

እግረኛና ፈረሰኛ ሲገናኙ ማን ያሳልፋል?

ሁሉም ለተሸከመ ያሳልፋል። ከጫካው እንጨት ተሸክማ የምትወርድ ሴት ሸክሟን ይዛ መቆምና እንደገና መነሳት ከመሄዱ ይበልጥ ያደክማታል። ፈረሰኛም ሆነ እግረኛ ዳር ይዞ «ይለፉ እናቴ» ብሎ ይጠብቅ። የተጫኑ አህዮችም እንደዚሁ፤ ጭነቱ ወደ ጎን ስለሚወጣ ከእርስዎ የሰፋ ቦታ ይፈልጋሉ።

በእግረኛና በፈረሰኛ መካከል እግረኛው ያሳልፋል፤ ለመቆም የሚቀለው እሱ ነውና። የሚቆመው ደግሞ በቁልቁለቱ በኩል ቢሆን ይመረጣል። ፈረስ ከበላዩ የቆመ ነገር አውሬ ይመስለዋል፤ ከደነበረ ደግሞ ወደ ላይ ቢዘል ይሻላል እንጂ ወደ ገደሉ መሆን የለበትም። ቁልቁለቱ ገደል ከሆነ ግን ሰፊ ቦታ እስኪገኝ ወደ ኋላ ይመለሱ። በዛፍ ኋላ ተደብቀው ዝም አይበሉ። ድምፅዎን ያሰሙ፤ «እንደምን አደራችሁ» በቂ ነው፤ ያ የቆመ ነገር ሰው መሆኑን ፈረሱ ይረዳል። ጃንጥላዎን ዝቅ አድርገው ይዝጉ፣ በነፋስ የሚውለበለብ ነጠላ ይሰብስቡ፣ የስልክ ዘፈን ያቁሙ። ከኋላ መጥተው ማለፍ ከፈለጉ ከሩቁ ተናግረው፣ ፈቃድ አግኝተው፣ ከኋላ እግሮቹ ራቅ ብለው ይለፉ።

ፈረሰኛውም ግዴታ አለበት። ሰው ባለበት ከእርምጃ በላይ አይሂድ፣ በፈረሶች መካከል ቢያንስ የአንድ ፈረስ ርዝመት ይተው፣ ያሳለፈውን ያመስግን። ሯጮች ማለዳ በፍጥነት ከመታጠፊያ ይወጣሉ፤ ጠመዝማዛ ላይ ሲደርሱ ድምፅ ማሰማት ይጠቅማል።

ቤተ ክርስቲያን አጠገብ በፈረስ ማለፍ ይቻላል?

በአገራችን ወግ ፈረሰኛ ቤተ ክርስቲያን ሲደርስ ይወርዳል፤ ፈረሱን ይዞ በእግሩ ያልፋል። በዚሁ ይቀጥሉ። በወሩ 1 ቀን የራጉኤል፣ በ16 የኪዳነ ምሕረት፣ በ21 የማርያም በዓል ስለሆነ መንገዱ በተሳላሚ ይሞላል። በተለይ መስከረም 1፣ የካቲት 16 እና ኅዳር 21 ፈረስ ይዞ ወደዚያ ባይኬድ ጥሩ ነው። ከበሮውና ነጩ ልብስ ያልለመደ ፈረስን ያስደነብራል፤ በሕዝቡ መካከል ደግሞ ሽማግሌዎችና ሕፃናት አሉ።

ፈረሱ ቢደነብርና ቢሮጥብኝስ?

ሁለቱን ዛብ በኃይል አይጎትቱ፤ ተደግፎበት ይበልጥ ይሮጣል። አንደኛውን ዛብ ቀስ በቀስ ወደ ጉልበትዎ እየሳቡ በክብ ያዙሩት፤ ክቡ ሲጠብ መቆሙ አይቀርም። መንገዱ ጠባብ ከሆነ ማዞሩ አደገኛ ስለሆነ አንዱን ዛብ እየሳቡ እየለቀቁ፣ ጋማ ይዘው፣ ዝቅ ብለው ይቀመጡ። አይጩኹ። ልጅ የተቀመጠበትን ፈረስ ምንጊዜም ትልቅ ሰው በእጁ ይዞ ይሳበው።

ውሻና ጅብስ?

ጅብ አለ፤ የሚንቀሳቀሰው ግን በጨለማ ነው፤ ከ11 ሰዓት ተኩል በፊት ወደ ሰፈር መውረድ በቂ ጥንቃቄ ነው። ብቻዎን አይሂዱ፤ ከዋናው መንገድም ብዙ አይራቁ። ይበልጥ የሚያሳስበው ውሻ ነው። ሲጮህብዎ አይሩጡ፣ ጀርባዎን አይስጡ፣ ቀስ ብለው ይራቁ። ከነከሰ፣ ቁስሉ ትንሽ ጭረትም ቢሆን፣ ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ ይታጠቡና በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሄደው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ይጀምሩ። ምልክቱ ከታየ በኋላ ሕክምና የለውም። ሳሙና በቦርሳዎ መያዝ ያለብዎት ለዚህ ነው።

እሳት አንድደን ቡና ብናፈላስ?

አይቻልም። የባሕር ዛፍ ቅጠል ዘይት አለው፤ በበጋ ከሥሩ የተከመረው ደረቅ ቅርፊት በአንድ የሲጋራ ቁራጭ ይያያዛል፣ ነፋሱም ወደ ሰፈር ያወርደዋል። ቡናውን በፔርሙዝ ይዘው ይምጡ። ፌስታልም ጥለው አይሂዱ፤ ከብትና ፈረስ ከሣሩ ጋር ይበሉታል፣ አንጀታቸውንም ይዘጋል።

ስንመለስ ለፈረሱ ምን እናድርግ?

የመጨረሻውን ኪሎ ሜትር በእርምጃ ይምጣ፤ ወርደው ጠፍሩን አንድ ቀዳዳ ያላሉለት። በመንጋጋው ሥር ያለውን የደም ሥር በጣት ይዘው ለ15 ሴኮንድ ይቁጠሩና በ4 ያባዙ። ያረፈ ፈረስ በደቂቃ ከ28 እስከ 44 ይመታል፤ ከሥራ በኋላ አሥር ደቂቃ አርፎ ከ60 በላይ ከሆነ ደክሟል፤ ሌላ ደንበኛ ቢመጣም ማረፍ አለበት። ውኃ እንዲጠጣ፣ ላቡ እንዲጠረግ ይጠይቁ። ኮርቻው ሲወርድ ከሥሩ ላቡ ሙሉ ለሙሉ ካረጠበው መሃል አንድ ደረቅ ቦታ ካዩ፣ ኮርቻው እዚያ ላይ ይጫነዋል ማለት ነውና ለባለቤቱ በጣትዎ ያሳዩት። ጉርሻ የሚሰጡ ከሆነም ይህን እያሳዩ ይስጡት።